የአሳታሚዎች ዲጂታል መጽሐፍ በኦንላይን ኮርስ ውስጥ፦ ከምርጫ እስከ ውጤት ማስረከብ

በክፍል ውስጥ መጽሐፍ የሌለውን ተማሪ ለይቶ ማወቅ አያስቸግርም፤ ወደ ጓደኛው ደብተር አንገቱን ሲያሰግግ ይታያል። በኦንላይን ኮርስ ግን ያው ተማሪ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ብቻ ይቀራል፤ አሳይመንቱ ሳይገባ ሲቀር መምህሩ «አልሠራም» ብሎ ዜሮ ይመዘግብለታል፤ ተማሪው መጽሐፉን መክፈት አቅቶት እንደነበረ የሚታወቀው ኮርሱ ካለቀ በኋላ፣ ሲታወቅም በአጋጣሚ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ ኮሌጆች በኦንላይን ወይም በርቀት ለምታስተምሩ መምህራን ነው። እኔ አካውንቲንግ አስተምራለሁ፤ ከተማሪዎቼ ውስጥ በየቀኑ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ አሉ፤ ከኩታበርና ከወረባቦ ሆነው በስልክ የሚከታተሉም አሉ። ስለዚህ ምሳሌዎቼ ከአካውንቲንግ ይሆናሉ፤ አካሄዱ ግን ለሌላውም ትምህርት ያው ነው።

የአሳታሚ ዲጂታል መሣሪያ ስል የመጽሐፉን ሶፍት ኮፒ ብቻ ማለቴ አይደለም። የፒርሰን ማይላብ፣ የማግሮው ሂል ኮኔክት፣ የሴንጌጅ ማይንድታፕ፣ የዋይሊ ዋይሊፕላስ እና የማክሚላን አቺቭ የሚባሉት ሥርዓቶች የሚነበበውን መጽሐፍ፣ ራሱ የሚያርመውን አሳይመንት፣ ለመምህሩ ብቻ የሚከፈተውን የጥያቄ ባንክ እና የተማሪውን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ሪፖርት በአንድነት የያዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ተማሪው እያነበበ ሳለ ይጠይቁታል፤ ሲሳሳትም ወደ አስፈላጊው አንቀጽ ይመልሱታል። በአግባቡ ከተያዙ የመምህሩን የእርማት ሸክም በእጅጉ ያቃልላሉ። በአግባቡ ካልተያዙ ደግሞ ኮርሱን ራሳቸው ይመሩታል፤ መምህሩም የሌላ ሰው ኮርስ አስፈጻሚ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ከመሣሪያው በፊት ኮርስ አውትላይኑን መያዝ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሳታሚው ወኪል ወይም አንድ ባልደረባ መሣሪያውን ያሳየናል፤ ያማረ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ከዚያም ኮርሳችንን በመጽሐፉ ምዕራፎች ቅደም ተከተል እንከፋፍለዋለን። አካሄዱ የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። አንድ ወረቀት ወስደው በስተግራ የኮርሱን የትምህርት ውጤቶች አንድ በአንድ ይጻፉ፤ በስተቀኝ ደግሞ ለእያንዳንዱ «ይህን የሚለካልኝ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የሂሳብ ሚዛን ማዘጋጀትን ራሱ የሚያርም አሳይመንት በደንብ ይለካዋል። የአንድን ነጋዴ የተዝረከረኩ ደረሰኞች አይቶ የትኛው የንግዱ፣ የትኛው የቤቱ ወጪ እንደሆነ መለየትን ግን እስካሁን ያየሁት የአሳታሚ መሣሪያ ሁሉ አይለካውም፤ እሱን መምህሩ ራሱ ይሰጠዋል፣ ራሱም ያርመዋል።

ይህ ወረቀት ሲያልቅ መሣሪያው ከኮርሱ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ይታወቃል። ከግማሽ በታች ከሆነ ተማሪን ለእሱ ማስከፈል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ደረጃ 2፦ ማን ይከፍላል የሚለውን መጨረስ

በአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪው የመግቢያ ኮድ ይገዛል፣ ወይም ክፍያው ከትምህርት ክፍያው ጋር ተደምሮ ይጠየቃል። እዚህ ግን ተማሪው በዶላር የሚከፍልበት ዓለም አቀፍ ካርድ የለውም፤ ዋጋውም ከወር ወጪው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ስለሆነም ዲፓርትመንትዎን ይዘው፣ በኮሌጁ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ስም፣ የአካባቢውን ወኪል በጽሑፍ ይጠይቁ። በደብዳቤው ላይ እነዚህን በግልጽ ያስፍሩ፦ የተማሪውን ብዛት፣ ኮርሱ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ተማሪው ኮርሱን ቢደግም እንደገና ይከፍል እንደሆነ፣ ዲጂታል መጽሐፉ ከኮርሱ በኋላ ይዘጋ እንደሆነ፣ እንዲሁም መጽሐፉን በስልክ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻል እንደሆነ። የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ዋነኛው ነው። ለምሳሌ ቫይታልሶርስ በሚባለው የዲጂታል መጻሕፍት አቅራቢ በኩል የሚቀርቡ መጻሕፍት ቡክሼልፍ በሚባለው አፕ ወርደው ያለ ኔትወርክ ሊነበቡ ይችላሉ፤ አሳይመንቱ ግን በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን በአብዛኛው ግንኙነት ይፈልጋል።

አንዳንድ መሣሪያዎች ተማሪው ሳይከፍል ለ2 ሳምንት ያህል የሚገባበት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣሉ። ይህ ፈቃድ ለመምህሩ ማዘናጊያ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ተማሪ ገብቶ ሲሠራ እያዩ ችግር የለም ብለው ይቀመጣሉ፤ በ3ኛው ሳምንት ግማሹ ክፍል በሩ ይዘጋበታል። ክፍያው ተጨርሶ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ በቀር በጊዜያዊ ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ውጤት ያለው ሥራ መስጠት አይገባም።

መክፈል ካልተቻለ ኮርሱ አይቆምም። የአሜሪካው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍትን በነፃ እያሳተመ ነው፤ የአካውንቲንግ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የፊዚክስና የስታቲስቲክስ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ይወርዳሉ፤ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለሁሉም ቢያካፍል ሕጋዊ ነው። ለሒሳብ ትምህርት ማይኦፕንማዝ የሚባለው ነፃ ሥርዓት ቁጥሩን ለእያንዳንዱ ተማሪ እየቀየረ ጥያቄ ያወጣል፣ ራሱም ያርማል። ሪሰርች ፎር ላይፍ ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የአሳታሚዎችን ጽሑፍ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው፤ ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ተርታ ስለሆነች የኮሌጅዎ ቤተ መጻሕፍት ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ ይጠይቁ፤ ብዙ የታላላቅ አሳታሚዎች ማጣቀሻ መጻሕፍትና ጆርናሎች በዚያ ይገኛሉ። ራሱ የሚያርም ልምምድ ለማዘጋጀት ደግሞ በሙድል (ኮሌጁ የኦንላይን ኮርሶቹን በሚያስተናግድበት ሥርዓት) ውስጥ አብሮ የሚመጣው ኤችፋይቭፒ የሚባል የልምምድ ማዘጋጃ ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የአሳታሚውን መጽሐፍ ስክሪንሾት እያነሱ በቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ለተማሪ ማዘን ይመስላል፤ ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚከለክለው ነው፤ መምህሩ ሲያደርገው የተማረ ተማሪም ነገ በሥራ ቦታው ያደርገዋል። በነፃ የተፈቀደ መጽሐፍ እያለ ወደዚህ መግባት አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ይዘቱን በእኛ ሕግና በእኛ ገበያ ማጣራት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደውና ሊዘለል የማይገባው ሥራ ይህ ነው። አብዛኛው የአሳታሚ መሣሪያ የተጻፈው ለአሜሪካ ተማሪ ስለሆነ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ ለእኛ ተማሪ ስሕተት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከራሴ ኮርስ አንድ ምሳሌ ላሳይ። በደሴ ፒያሳ ያለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወሩን ሲጀምር እያንዳንዳቸው በ40 ብር የተገዙ 100 ደብተሮች ነበሩት እንበል። በኋላ 200 ደብተር በ45 ብር፣ ቀጥሎም 100 ደብተር በ50 ብር ገዛ። በወሩ ውስጥ 250 ደብተር ሸጠ። የመደብሩ ጠቅላላ የደብተር ዋጋ 18,000 ብር ነው። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ወጣ በሚለው፣ ማለትም በፊፎ ዘዴ፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 10,750 ብር፣ ቀሪው ዕቃ 7,250 ብር ይሆናል። በወር መጨረሻ በሚሰላው አማካይ ዋጋ የተሸጠው 11,250 ብር፣ ቀሪው 6,750 ብር ነው። በመጨረሻ የገባው አስቀድሞ ወጣ በሚለው በሊፎ ደግሞ የተሸጠው 11,750 ብር፣ ቀሪው 6,250 ብር ይሆናል።

የአሜሪካ አሳታሚ የጥያቄ ባንክ ሦስቱንም ዘዴ በእኩል ይጠይቃል፤ የአሜሪካ የሂሳብ አያያዝ መርህ ሊፎን ይፈቅዳልና። በኢትዮጵያ ግን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንድንከተል ደንግጓል፤ በዚህ ደረጃ ስለ ዕቃ ክምችት የሚደነግገው አይኤኤስ 2 ሊፎን አይፈቅድም። ተማሪው በመሣሪያው ላይ የሊፎን ጥያቄ ሠርቶ ሙሉ ውጤት ካገኘ በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ ያንኑ ዘዴ ቢያቀርብ ኦዲተሩ አይቀበለውም። ያስተማርነው እኛ ነን። ስለዚህ በኔ ኮርስ ሊፎ ከሚታረመው አሳይመንት ወጥቷል፤ ለንጽጽር ብቻ በአጭር ማስታወሻ ይነሣል።

በዚሁ ዓይነት የሽያጭ ታክስን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን ይመርምሩ። የአሜሪካው የሽያጭ ታክስ ከመጨረሻው ገዢ ብቻ የሚሰበሰብ ሲሆን የእኛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን ነጋዴው ሲገዛ የከፈለውን ሲሸጥ ከሰበሰበው የሚያቀናንስበት ነው፤ የመዝገብ አያያዙ አንድ አይደለም። የበጀት ዓመት ማስተካከያ ጥያቄዎች በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ላይ ያልቃሉ፤ የእኛ መሥሪያ ቤቶች ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ፊዚክስ ወይም ምሕንድስና የሚያስተምሩ ከሆነ ፓውንድ፣ ጋሎንና ፋራናይት የሚጠይቁትን ያውጡ። ሕግ ነክ ኮርስ ከሆነ ከመሣሪያው የሚተርፈው ይዘት ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ ደረጃ 1 ተመልሰው ውሳኔዎን እንደገና ይመልከቱት።

በተግባር ሥራው እንዲህ ይከናወናል። ወደ መምህር አካውንትዎ ገብተው የምዕራፉን የጥያቄ ባንክ ይክፈቱ፤ ጥያቄዎቹን በሦስት ይመድቧቸው፦ እንዳሉ የሚወሰዱ፣ ተሻሽለው የሚወሰዱ፣ የሚጣሉ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ጥያቄውን ቀድቶ ማሻሻልን ይፈቅዳሉ። ማሻሻያ የማይፈቅድ መሣሪያ ሲገጥምዎ ጥያቄውን አይገልብጡ፤ ፍሬ ሐሳቡን ይዘው የራስዎን ጥያቄ በሙድል ይጻፉ። ለምርጫ ጥያቄ ቀላሉ ኤይከን የሚባለው አጻጻፍ ነው፤ ጥያቄው በአንድ መስመር፣ ምርጫዎቹ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ተለይተው በየመስመራቸው፣ በመጨረሻም የመልሱ ፊደል ተጽፎ በኖትፓድ ይቀመጥና ወደ ጥያቄ ባንኩ ይገባል። በአማርኛ ከጻፉ ፋይሉን ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል ኮድ (ኢንኮዲንግ) መምረጥዎን አይርሱ፤ አለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን ከሙድል ጋር ማገናኘት

መሣሪያው ከኮሌጁ ሙድል ጋር ሳይገናኝ ብቻውን ከቆመ ተማሪው ሁለት አካውንትና ሁለት የይለፍ ቃል ይይዛል፤ መምህሩም ውጤቱን በእጅ ይገለብጣል። ማገናኛው ኤልቲአይ የሚባል፣ የተለያዩ የትምህርት ሶፍትዌሮች እርስ በርስ የሚገናኙበት የጋራ ደንብ ነው። አሁን የሚሠራበት 1.3 የተሰኘው ነው፤ አሮጌው 1.1 በአንድ ቁልፍና በአንድ ሚስጥራዊ ቃል ብቻ ይገናኝ ነበርና ደኅንነቱ ያነሰ ነው፤ አሳታሚው ሁለቱንም ካቀረበልዎ አዲሱን ይምረጡ።

ሥራው የአይሲቲ ክፍሉን ይጠይቃል። የሙድል አስተዳዳሪው «ኤክስተርናል ቱል» በሚለው ገጽ ከአሳታሚው የተላኩትን አድራሻዎች ያስገባል፤ ከዚያም ሙድል የሚያወጣቸውን የመለያ ቁጥሮች መልሶ ለአሳታሚው ይልካል። በዚህ ገጽ ላይ የተማሪውን ስምና ኢሜይል ለመሣሪያው ማጋራት እና ከመሣሪያው ውጤት መቀበል የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ውጤት እንዲመጣ ከተፈለገ የመጨረሻው መከፈት አለበት። ከስምና ከኢሜይል ውጭ ያለውን መረጃ ግን አያጋሩ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪን መረጃ ወደ ውጭ አገር ድርጅት መላክ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ ምን እንደሚላክ ለተማሪዎቹም በኮርስ አውትላይኑ ላይ ይንገሯቸው።

ግንኙነቱ ከተሠራ በኋላ እያንዳንዱን አሳይመንት ለብቻው በየሳምንቱ ክፍል ውስጥ ያስገቡ። አንድ አጠቃላይ ሊንክ ብቻ አስገብቶ ተማሪውን ወደ መሣሪያው መነሻ ገጽ መላክ ሥራ ይቀንሳል፤ ውጤቱ ግን በአንድ ድምር ብቻ ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ድምሩም ዝርዝሩም አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ አንዱን ከስሌት ያውጡ፤ ካልሆነ የአንድ ተማሪ ሥራ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ደረጃ 5፦ ቀንና ሰዓት

ይህን ደረጃ የምጽፈው በራሴ ኮርስ ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ነው። አሳይመንቱ የሚዘጋው እሑድ ማታ 11:59 እንዲሆን አድርጌ ነበር፤ መሣሪያው ራሱ አስቀድሞ የሚያቀርበው ሰዓት ስለሆነ አልነካሁትም። የሰዓት ቀጠናውም ትክክል ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን «ተዘግቶ አገኘሁት» የሚል መልእክት ከብዙ ተማሪ መጣ። አንዷ ተማሪ ስክሪንሾት ላከችልኝ፤ በስልኳ አናት ላይ ያለው ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ያህል ነበር። የሌሊት ዳታ ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ተኝታ ነቅታ፣ መጽሐፉን ከፍታ፣ «ገና ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረኛል» ብላ ጀምራለች። 11:59ን ያነበበችው እንደኛ አቆጣጠር ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ59፣ ሊነጋ ሲል። መሣሪያው ግን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ላይ ዘግቶ ነበር። ተማሪዋ አልተሳሳተችም፤ ሰዓቱን የምትቆጥረው ሁላችንም እንደምንቆጥረው ነው። አሳይመንቱን እንደገና ከፈትኩት፤ የተሠራውን ሁሉ ያለ ቅጣት ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ በመሣሪያውም በሙድልም የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አደርጋለሁ፤ ሁለቱ የተለያየ ቀጠና ሊኖራቸው ይችላልና አንዱን ማየት አይበቃም። በመሣሪያው ላይ የኒው ዮርክ ሰዓት ተትቶ ከሆነ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ይዘባል፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያዛውሩ ልዩነቱ በሴሚስተሩ መካከል ሊለወጥም ይችላል። ቀጥሎ የመዝጊያውን ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አርቄ ወደ ረፋድ አመጣዋለሁ። በመጨረሻም ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ በሥርዓቱ ላይ ኖቬምበር 18፣ 10:00 ተብሎ ይታያል።» ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ ነገር ግን የሌሊት ጥቅል የሚጠቀመው ተማሪም ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ፣ መብራት ቢጠፋበት እንኳ ጠዋት የሚያስገባበት ሰዓት ያገኛል።

ደረጃ 6፦ እንደ ተማሪ ገብቶ መሥራት

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ትሠራላችሁ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የመምህር አካውንት ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ክፍያ አይጠይቅም፣ የተዘጋ አሳይመንት ያሳያል፣ መልሱን ያመለክታል። ስለዚህ የአይሲቲ ክፍሉን ጠይቀው አንድ የተማሪ አካውንት ያስከፍቱ፤ ከዋይፋይ ወጥተው በስልክ ዳታ፣ በሚያገኙት መካከለኛ ስልክ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ ከመግቢያው እስከ ውጤቱ ይሥሩት።

ከመጀመርዎ በፊት በስልኩ ቅንብር ውስጥ ያለውን የዳታ ፍጆታ ይመዝግቡ፤ ሲጨርሱ እንደገና ያንብቡ። ልዩነቱ አንድ ተማሪ ለአንድ ሳምንት የሚያወጣው ዳታ ነው፤ በሳምንታቱ ቁጥር አባዝተው በጥቅል ዋጋ ያስሉት። ቪዲዮ ያለበት ምዕራፍ ከሆነ ልዩነቱ ያስደነግጣል፤ ያን ጊዜ ቪዲዮውን አማራጭ ያድርጉት። ሠንጠረዥ መሙላት የሚጠይቀው አሳይመንት በትንሽ ስክሪን ላይ ይከፈት እንደሆነ ይመልከቱ፤ በአካውንቲንግ የጆርናል ሠንጠረዥ የዴቢት ዓምዱ ታይቶ የክሬዲቱ ከስክሪን ሲወጣ አጋጥሞኛል። ሆን ብለው በመካከል ዳታውን ያጥፉና ይመልሱት፤ የሠሩት ተቀምጦ ይቆያል ወይስ ይጠፋል? የሚጠፋ ከሆነ ተማሪዎቹ በየጥያቄው «አስቀምጥ» የሚለውን እንዲነኩ አስቀድመው ያስጠንቅቋቸው፤ የሙከራ ብዛቱንም ቢያንስ ሦስት ያድርጉ። መልሱን በተለያየ አጻጻፍ ይሞክሩ፤ 10,750 በኮማና ያለ ኮማ፣ ከነሳንቲሙና ያለ ሳንቲም። መሣሪያው አንዱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ በአሳይመንቱ አናት ላይ ይጻፉት።

ደረጃ 7፦ የምዝገባው ሳምንት

የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ውጤት ለምዝገባና ለሙከራ ብቻ ይተዉት። መሣሪያው የተማሪውን ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። በተጨማሪም መሐመድን ወይም ሰይድን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉበት መንገድ ብዙ ነው፤ በአንድ ሴክሽን ውስጥ የራሳቸውና የአባታቸው ስም የሚመሳሰል ሦስት ተማሪዎች ማግኘት በወሎ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ መመሪያ ይስጡ፦ ስም በመጀመሪያው ሳጥን፣ የአባት ስምና የመታወቂያ ቁጥር በሁለተኛው፣ አጻጻፉም በሪጅስትራር እንደተመዘገበው። ኢሜይሉም በሙድል ካለው ጋር አንድ ይሁን።

ተማሪዎቹ በቀጥታ በመሣሪያው ድረ ገጽ ሳይሆን በሙድል ውስጥ ባለው ሊንክ እንዲገቡ አጥብቀው ይንገሯቸው፤ በሌላ በር የገባ ተማሪ ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል፣ ውጤቱም ወደ ሙድል አይመጣም። የአገባቡን ሂደት በስክሪንሾት አድርገው በአማርኛ ማብራሪያ አንድ ገጽ ፒዲኤፍ ያዘጋጁ፤ ቀላል ስለሚሆን በቴሌግራም ለሁሉም ይደርሳል። በሳምንቱ መጨረሻ ያልገቡትን ዝርዝር አውጥተው ለክፍል ተጠሪው ይስጡ፤ እርስዎም ራስዎ ይደውሉላቸው። ከኩታበር ያለ ተማሪ ስልኩን የሚያነሳው ወደ ገበያ ሲመጣ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ደውሎ መተው አይበቃም።

ደረጃ 8፦ ሪፖርቱን ማንበብ

ኮርሱ ሲጀመር መሣሪያው እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሰናከለ ያሳያል። የደቂቃውን ቁጥር ለውጤት አይጠቀሙበት። መጽሐፉን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያነበበ ተማሪ በአንዳንድ መሣሪያ ላይ ምንም እንዳላነበበ ይታያል፤ በአንድ ስልክ አብረው የሚሠሩ ሁለት እኅትማማቾች አንዷ ትጉህ፣ ሌላዋ ሰነፍ ሆነው ይቀርባሉ።

የሚጠቅመው የጥያቄው ሪፖርት ነው። ብዙ ተማሪ አንድ ጥያቄ ላይ ተመሳሳይ ስሕተት ከሠራ ወይ ጥያቄው ግልጽ አይደለም ወይ እኛ በደንብ አላስተማርነውም። በየሳምንቱ እንዲህ ያለውን አንድ ጥያቄ መርጠው አምስት ደቂቃ በማይሞላ የድምፅ መልእክት በአማርኛ ያብራሩት። በኔ ኮርስ ተማሪዎች ከመጽሐፉም ከቪዲዮውም ይልቅ ደጋግመው የሚያዳምጡት ይህን ነው፤ የድምፅ መልእክት ብዙ ዳታ አይበላም፣ በፈረቃ እረፍትም ይደመጣል።

ንባብ ላይ ለሚጠየቁ ጥያቄዎች ውጤት የሚሰጡት በመጨረስ እንጂ በትክክል በመመለስ አይሁን፤ እየተሳሳቱ መማር የተፈቀደበት ቦታ ነውና።

ደረጃ 9፦ ፈተናውን ከመሣሪያው መለየት

የታላላቅ አሳታሚዎች የጥያቄ ባንክ ከነመልሱ በየቦታው ተሰራጭቷል፤ የቴሌግራም ቻናሎችን ያየ መምህር ያውቀዋል። ስለዚህ ከባንኩ የተወሰደን ጥያቄ እንዳለ ሚድ ወይም ፋይናል ላይ ማውጣት ፈልጎ ያገኘውን ተማሪ ራሱን ችሎ ከሠራው ማስበለጥ ይሆናል። ባንኩን ለልምምድ ይጠቀሙበት። ፈተናውን በደሴ መደብርና በኮምቦልቻ ፋብሪካ ምሳሌ ራስዎ ይጻፉ፤ ከተቻለም በግቢ ውስጥ በአካል ይስጡት። ካሜራ ከፍቶ የሚቆጣጠረውን ሶፍትዌር ለኛ ተማሪ አልመክርም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር ተማሪ ሕፃን ባለፈ ቁጥር ተጠርጣሪ ይሆናል፣ ኔትወርኩም ተቋርጦ ፈተናው ይቀርበታል።

በመሣሪያው የሚታረመው ሥራ ከጠቅላላው ውጤት ከ20 በመቶ ባይበልጥ ይሻላል። ይህ የኔ ልኬት ነው፤ ምክንያቴም መሣሪያው አንድ ሳምንት ቢበላሽ ተማሪው ኮርሱን እስከ መጣል እንዳይደርስ ነው።

ደረጃ 10፦ ኮርሱን መዝጋት

ውጤት ከሙድል ወደ ሪጅስትራር ከመሄዱ በፊት የመሣሪያውን የውጤት መዝገብ በኤክሴል አውርደው ከሙድሉ ጋር በመታወቂያ ቁጥር ያስተያዩ። የማይገጥም ካለ በመሣሪያው ያለውን የተማሪ ሥራ ከፍተው ያረጋግጡ። የኮርሱ መብት ካበቃ በኋላ መዝገቡ ሊዘጋ ስለሚችል ይህን ከመጨረሻው ቀን በፊት ይጨርሱ፤ ፋይሉንም በግል ኮምፒውተርዎ ብቻ ሳይሆን በዲፓርትመንቱም ያስቀምጡ። ከሴሚስተር በኋላ ተማሪ በውጤቱ ላይ ቅሬታ ይዞ ቢመጣ የሚያሳዩት ማስረጃ ይኖርዎታል።

ያሻሻሏቸውን ጥያቄዎችና የጣሏቸውን ዝርዝር፣ ያስተካከሏቸውን የሰዓት ቅንብሮችና የለኩትን የዳታ ፍጆታ በአንድ ገጽ ጽፈው ኮርሱን ቀጥሎ ለሚይዘው መምህር ያስረክቡ። ኮርሱ ለሌላ ሴክሽን ሲቀዳ ቀኖቹ ባለፈው ሴሚስተር እንዳሉ ይቀመጣሉና እነሱን ከማስተካከል ይጀምር።